የእንግዳው አጎበር፦ ወደ ቆላ ለሚወርድ የደጋ ቤተሰብ



እንደሚታወቀው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ሰርጉም፣ ዝየራውም፣ ንግዱም ሰውን ከደጋ ወደ ቆላ ያወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ መተሐራና አዋሽ፣ ከደሴ ወደ ባቲና ሚሌ፣ ከጎንደር ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ቤተሰብ ብዙ ነው። ችግሩ ይኸው የጉዞ ወቅት የቢንቢም ወቅት መሆኑ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየጉድጓዱና በየረግረጉ የቀረው ውኃ ይፈለፍላታልና በአገራችን ወባ እጅግ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው።

በዚህ ወር ስለዚህች ትንሽ ፍጥረት ለመጻፍ የተነሣሁት ከተማሪዎቼ አንዱ «ቲቸር፣ ለሰርግ ባቲ ልንወርድ ነው፤ ምን ልያዝ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። «ነጠላ ጫማህን» ብዬ ቀልጄ ላልፍ ስል አንድ አጎበር ትዝ አለኝ። ታሪኩን ለልጁ ነገርኩት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ኒካሕ ባቲ ላይ ስለነበር በጥቅምት ወር መላው ቤተሰባችን ከደሴ ወረደ። ደሴ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ 1500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ የሰኞ ገበያዋ የወሎን ደጋና የአፋርን ቆላ የሚያገናኝ ሞቃት ከተማ ናት። በመኪና የሰዓታት መንገድ ነው። ለጤና ግን ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሻገር ነበር፤ ይህን ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ልብስ፣ ስጦታ፣ ለመንገድ ስንቅ ይዘናል። አጎበር የያዘ ሰው አልነበረም።

በአክስቴ ቤት የነበረው አጎበር አንድ ብቻ ነው። ከሥሩ የሚተኛው የ5 ዓመት ትንሹ ልጇ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት አክስቴ ልጁን ቀስቅሳ አነሣችውና «አንተ የደጋ ልጅ ነህ፤ ቢንቢው አዲስ ደም ይወዳል፤ ግባ። እኛ ለምደነዋል» አለችኝ። እናቴ ዐይኔን አየች። እምቢ ብንል ነውር ነው፤ እሺ ብንልም ልቧ አልወደደውም። ገባሁ። ልጁ ከእናቱ ጎን መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተኛ። አምስቱንም ሌሊት እንዲሁ ሆነ።

እኔ አጎበር ውስጥ ተኝቼም አልዳንኩም። ምሽቱን የምናሳልፈው ደጅ ነበርና። ከመግሪብ በኋላ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጨዋታው ዒሻእን ተሻግሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። እግራችን ባዶ ነው። ቁርጭምጭሚቴን በዝምታ ስትበላኝ አመሸች። ሰው ፊት መከካት አፍሬ በሌላኛው እግሬ እያሻሸሁ ተቀመጥኩ። ገብተን እንቀመጥ ማለት ማንን ያስደስታል? ካልሲ አድርጌ ቡና ላይ ብቀርብስ የቆላ ዘመዶቼ ምን ይሉኛል?

ወደ ደሴ ተመለስን። ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላን የአክስቴ ትንሽ ልጅ ማታ ትኩሳት ያዘው የሚል ወሬ መጣ። የቆላ ሰው ያውቀዋልና በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ደሙ ታየ፤ መድኃኒቱን ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ሲጫወት ዋለ።

እኔን ደግሞ በተመለስን በ11ኛው ቀን ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመረኝ። አያቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ቅጠሉንም አሽታ ቀባችኝ። ላብ አሰመጠኝና ትንሽ ተሻለኝ፤ ተሻለው ተባለ። ማታ ደግሞ ብሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ተወሰድኩ፤ «ታይፎይድ ነው» ተባለና መድኃኒት ተሰጠኝ። ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኛም አልተናገርንም። በስድስተኛው ቀን የማይገናኝ ነገር መናገር ጀመርኩ፤ እናቴንም አላወቅኋት። በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «በዚህ ወር ቆላ ወርዶ ነበር?» መልሱ በደሜ ውስጥ ተገኘ። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ነበር። አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኛሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍኩ።

አክስቴ ማር ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ስለ አጎበሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዓመታት በኋላ፣ እኔም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ ደፍሬ ጠየቅኋት፦ «ልጅሽን ከአጎበር አውጥተሽ እኔን ስታስገቢ አልፈራሽም?» አለችኝ፦ «ፈራሁ እንጂ! ታዲያ እንግዳን እንዴት አድርጌ ባዶውን ላስተኛው? እናንተስ ለምን ይዛችሁ አልመጣችሁም?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ይህችን ዓምድም የምጽፈው እናንተ እንድትመልሱልኝ ነው።

ለመሆኑ ቢንቢ እንዴት ነው የምትሠራው? በሱረቱል በቀራ 26ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለምሳሌነት የጠቀሳት ይህች ፍጥረት በመጠኗ የምትናቅ አይደለችም። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታልና። እኛን የምታገኘን በትንፋሻችን፣ በሰውነታችን ሙቀትና በሽታችን ነው። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ የምትባለው ዝርያ ናት። እርሷ ከሌሎቹ ይልቅ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ጆሮዬ ላይ ሲጮህ አልሰማሁም፤ ስለዚህ አልተነከስኩም» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ይህን ምሥጢር ሰው ያወቀው ብዙ ትውልድ ካለቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ፣ የወባን ተሕዋስ በታማሚ ደም ውስጥ አየ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ተሕዋሱን በቢንቢ ሆድ ውስጥ አገኘው። ከዚያ በፊት ሰው ንዳዱን የሚያመጣው የረግረግ መጥፎ አየር ነው ይል ነበር። ዛሬ እናውቃለን። ዕውቀቱ እያለን መታመማችን ነው የሚያሳዝነው።

«እኛ ለምደነዋል» የሚለው የአክስቴ ቃልስ? ግማሹ እውነት ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበረታበት አገር ተወልዶ ያደገና ደጋግሞ የታመመ ትልቅ ሰው ከፊል መከላከያ ያዳብራል። ሕፃን ልጅ ግን ይህ የለውም። በአገራችንም ወባ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ የሚል ስለሆነ የቆላው ትልቅ ሰው እንኳ የተማመነበት መከላከያ ሁልጊዜ አያድነውም። የደጋው ሰው ደግሞ ጭራሽ ባዶ እጁን ነው የሚወርደው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከቆላ ወጥቶ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያሉ ያልለመዱ አካባቢዎችን በመታ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። «ያለፈ ታሪክ ነው» እንዳትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ሰው በወባ መያዙንና 1157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከንክሻ የሚያድን አንድ ብቸኛ መድኃኒት የለም። ትናንሽ ጥንቃቄዎች ተደራርበው ነው የሚጠብቁን፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

አንደኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት። የምትሄዱበት ስፍራ ከፍታው ከ2000 ሜትር በታች ከሆነ ወባ ሊኖር እንደሚችል ቁጠሩ። ሐኪም አማክሩ። ከጉዞ በፊት፣ በጉዞው ጊዜና ከተመለሱ በኋላ የሚዋጡ መከላከያ መድኃኒቶች አሉ፤ ሜፍሎኪን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ አቶቫኮንና ፕሮጓኒል በአንድነት ያሉበት ክኒን ይጠቀሳሉ። አንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሌሎቹ በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይታዘዝም። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ አይገባም። እነዚህ መድኃኒቶች ንክሻን አይከለክሉም፤ መቶ በመቶም አይከላከሉም። ነፍሰ ጡር እህቶች ወባ ለእናትም ለፅንስም እጅግ አደገኛ መሆኑን አውቀው፣ ጉዞውን ማስተላለፍ የሚቻል ከሆነ ቢያስተላልፉት ይበጃል።

ሁለተኛ፣ አጎበራችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ሲታጠፍ ከአንድ ጋቢ የማይበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው። በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረው ይመረጣል፤ የሚያርፍባትን ቢንቢ ይገድላልና። ገና ከማሸጊያው የወጣ ከሆነ አንድ ቀን ያህል ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ጀንበር ሳትጠልቅ ስቀሉት፤ ጫፉን ከፍራሹ ወይም ከምንጣፉ ሥር ዙሪያውን ጠቅጥቁት። እጅና እግር ከአጎበሩ ጋር ተጣብቆ ካደረ በውጭ ሆና በቀዳዳው ትነክሳለችና ሰፋ አድርጋችሁ ስቀሉት። የተቀደደውን ስፉት። ሲቆሽሽ በተራ ሳሙና እጠቡት፤ በፀሐይ አታስጡት፤ ኬሚካሉ ዓሣ ይጎዳልና ወንዝ ውስጥ አትጠቡት። አንድ አጎበር በደኅና አያያዝ ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል።

ከሁሉ በላይ ግን የእንግዳ አጎበር ከእንግዳው ጋር ከመጣ የአስተናጋጁ ልጅ ከመኝታው አይነሣም። ትርፍ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ለቤቱ ትታችሁ ተመለሱ። ከስኳርና ከብስኩት የተሻለ ስጦታ ነው።

ሦስተኛ፣ ምሽቱን ተጠንቀቁ። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። ቤት ውስጥም ደጅም ትነክሳለች፤ ሰው ገና ሳይተኛ በምሽት ትጀምራለች። በጥናት እንደታየው ደግሞ የተቀመጠን ሰው አብዝታ የምትነክሰው ቁርጭምጭሚቱና እግሩ ላይ ነው። ቡና ላይ ሰውነቴን ለምን እዚያው ቦታ እንደበላኝ ያወቅኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ወፍራምና ሰፋ ያለ ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ልበሱ። ስስና ሰውነት ላይ የተጣበቀ ልብስ አያድንም። እህቶቻችን በልብሳቸው የተሻለ ይጠበቃሉ፤ እግራቸውን ግን እነርሱም አይርሱ።

ልብስ ያልሸፈነውን ቆዳ የቢንቢ ማባረሪያ ቅባት ይሸፍነዋል። ዲት ወይም ፒካሪዲን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበትን ምረጡ፤ 20 በመቶ ያህል ያለው ለጥቂት ሰዓታት ይጠብቃል። በሚላብ ሰው ላይ ቶሎ ስለሚለቅ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ድገሙት። ከዐይን፣ ከአፍና ከቁስል አርቁት። ለሕፃናት እናት ወይም አባት በእጃቸው አድርገው ይቀቧቸው፤ ልጆች እጃቸውን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ መዳፋቸው ላይ አይቀባ። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይቀባም፤ እርሱን አጎበር ይጠብቀው። ዲት ፕላስቲክ ያበላሻልና የሰዓት መስታወታችሁንና የፕላስቲክ ተስቢሓችሁን ከእርሱ ጠብቁ።

እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ የሆነ ነገር አለ። ቢንቢ የምትበረታበት ሰዓት የመግሪብ፣ የዒሻእና የፈጅር ሰዓት ነው። ከመግሪብ በፊት የተቀባ ሰው ለዒሻእ ውዱእ ሲያደርግ ክንዱን፣ ፊቱንና እግሩን ያጥባል፤ ቅባቱም አብሮ ይታጠባል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መስጊድ ይቀመጣል! ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ውዱእ፣ ቀጥሎ ቅባት፣ ቀጥሎ ካልሲ። ለፈጅርም እንዲሁ። በረመዳን ለሱሑር የምትነሡም ከአጎበር የወጣችሁበት ያ ሰዓት ገና የእርሷ ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ ከተማርናቸው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አደቦች መካከል ጀንበር ስትጠልቅ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብና ማታ ዕቃዎችን መሸፈን ይገኙበታል። ሐዲሱ የተነገረው ስለ ወባ ነው አልልም፤ ምክንያቱ በሐዲሱ ውስጥ ተገልጿል። ነገር ግን ይህን ሱና የያዘ የቆላ ቤት ልጆቹን በዚያ ሰዓት ከቢንቢም እንደሚጠብቅ፣ የውኃ በርሜሉን የሸፈነም የመራቢያ ቦታዋን እንደሚዘጋባት በሳይንስ ክፍል ተምሬአለሁ።

አራተኛ፣ በማይጠቅመው አትዘናጉ። ነጭ ሽንኩርት መብላት፣ ቫይታሚን መዋጥ፣ በድምፅ ያባርራል የሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ መሰካት ከንክሻ እንደሚያድኑ አልተረጋገጠም። ተጠቅልሎ የሚጤሰው የቢንቢ ማባረሪያ በመጠኑ ይረዳል፤ ጭሱ ግን ሳንባን ይጎዳልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ ሕፃን በተኛበት፣ አይጨስ። ዕጣኑ ቤቱን ያሳምረዋል እንጂ የአጎበርን ቦታ አይተካም።

አምስተኛ፣ «ከተማ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች። እርሷ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ኤደስ የምትባለው ሌላዋ ቢንቢ ደግሞ በቀን ትነክሳለች፤ ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ያመሰችው እርሷ ናት። በእርሷ ላይ የሌሊት አጎበር ብቻ አይበቃም፤ ቀንም ልብስና ቅባት ያስፈልጋል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የምትሄዱም ልብ በሉ፤ በጅዳ ደንጊ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የታወቀ ነው። በኢሕራም ላይ ሽቶ ክልክል ስለሆነ መዓዛ ያልተጨመረበትን ቅባት ከዚሁ ገዝታችሁ ያዙ፤ የጠረጠራችሁትንም ዓሊም ጠይቁ።

ስድስተኛውና ብዙዎቻችን የምንረሳው፣ ጉዞው ቤት ስትደርሱ አያልቅም። የወባ ተሕዋስ ከንክሻው በኋላ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ፋልሲፓረም ሕመሙን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከቆላ በተመለሳችሁ በሳምንታት፣ በወራትም ውስጥ ትኩሳት ቢይዛችሁ ምች ነው፣ ጉንፋን ነው እያላችሁ አትቆዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ ቆላ ወርጄ ነበር።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእኔ ስድስት ቀን ዘግይታ መጣች። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የታዘዘው መድኃኒት በጠዋትና በማታ ለሦስት ቀን የሚወሰደው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከሆነ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱት፤ ተሻለኝ ብላችሁም በመካከል አታቋርጡት። የሚያንዘፈዝፍ፣ የሚያስቀባዥር፣ ራስን የሚያስት፣ ዐይንን የሚያቢጫ ወይም ሽንትን የሚያጠቁር ምልክት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ድረስ የዘረዘርኩት አዲስ አይደለም። አብዛኛውን ከትምህርት ቤትም፣ ከጤና ባለሙያም ሰምታችሁታል። ታዲያ የሚያስነክሰን ምንድን ነው? እኔ ሁለት ነገር ይመስለኛል።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። አክስቴ እንግዳዋን ባዶውን ማስተኛት አፈረች፤ እናቴ እምቢ ማለት አፈረች፤ እኔ መከካትና ካልሲ ማድረግ አፈርኩ። ሁላችንም እርስ በርሳችን ተከባብረን አንድ ሕፃን ከአጎበር አወጣን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን «እስቲ ቡናውን ቤት ውስጥ እናድርገው» ማለት እንግድነትን አያጎድልም። አስተናጋጁም ቢሆን ለደጋ እንግዳው «አጎበር ይዛችሁ ኑ» ብሎ አስቀድሞ በስልክ ቢናገር ስስት አይደለም፤ ለእንግዳውም ለልጁም ማሰብ ነው።

ሁለተኛው ተወኩልን አለማወቅ ነው። «አላህ ከጻፈው አያልፍም» ብሎ አጎበሩን አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ይህ ሰው የሰይዲና ዑመርን ታሪክ ያስብ። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ደረሱ፤ በፊታቸው ባለው አገር ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሶሓቦችን አማክረው መንገዳቸውን መለሱ። ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን? ተብለው ሲጠየቁ መሸሻቸውም ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። የወረደው በሽታ ቀደር ከሆነ መጠበቂያውም ቀደር ነው። አጎበሩን ሰቅሎ ቢስሚላህ ብሎ የተኛ ሰው ተወኩሉ አልጎደለም።

ያ ተማሪዬ ከባቲ ተመልሷል። አጎበር ይዞ ሄዶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ይዤ ሄድኩ፤ ግን ስሰቅለው ሳቁብኝ» አለኝ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሦስት ሕፃናት መጥተው አብረውኝ ተኙ» አለኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ወጥታችሁ በሰላም የምትመለሱ ያድርጋችሁ። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።